ተዘቅዝቆ የወጣው ጊታር

የጋሽ ሲሳይን ጊታር ተዘቅዝቆ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። አንገቱ ወደ መሬት፣ ሆዱ ወደ ሰማይ ሆኖ፣ በጋሽ ረዲ ትከሻ ላይ በሰው መሃል አለፈ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ዕድሜዬ ተዘቅዝቆ ሲሄድ የማውቀው የመርሳ ገበያ ዶሮን ነው። እግሩን አስረው፣ ራሱን ወደ ታች አድርገው፣ ክንፉ እየተንጠለጠለ በደጃችን ያልፉ ነበር። ከነዚያ ዶሮዎች አንዱም ተመልሶ ሲያልፍ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ጊታሩ ሲያልፍ ሊያርዱት ነው ብዬ አሰብኩ። ጊታር እንደማይታረድ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ግን በዚያ ቀን ትልልቆቹ ሰዎች የማያደርጉት ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ጋሽ ሲሳይ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበር። ቤቱ ከኛ ቤት ጀርባ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። የፊት ክፍሉ ራዲዮ፣ ቴፕና ድምፅ ማጉያ የሚጠግንበት ነበር። ሁልጊዜ የቀለጠ እርሳስና የጋለ አቧራ ይሸታል። ሆዳቸው የተከፈተ ራዲዮዎች በመደርደሪያው ላይ ተደርድረው፣ የትኛው የማን እንደሆነ ግን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። የኋላ ክፍሉ የጊታሩ ነበር።

ጊታሩን የሠራው ራሱ ነው። በወጣትነቱ ደሴ ሄዶ አንድ ሆቴል ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር አየ፣ በዓይኑ ለክቶት ተመለሰ። ሰውነቱን ከዋንዛ ጠረበው። ከተቃጠለ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አወጣ፣ ከሞተ ራዲዮ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ፈትቶ በማግኔቱ ላይ ጠመጠመ። መጀመሪያ የወጠረበት ክር የብስክሌት ፍሬን ገመድ ነበር። መርሳ ገና መብራት ሳይገባ በጭነት መኪና ባትሪ አስነሣው። የዚያን ጊዜ ሰው ከግራናም ከሐራም እየመጣ «የሚጮኸውን እንጨት» ያይ ነበር ይላሉ።

ከዚያ በኋላ የሠራው ግን ከዚህ ይበልጣል። የውጭ አገሩ ጊታር አምባሰል ቅኝት ላይ ሲደርስ ይንተባተባል ይል ነበር። በአንገቱ ላይ የሚደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች ነቀላቸውና፣ አምባሰል የሚያንጎራጉር ሰው ድምፁን በሚያሳርፍባቸው ቦታዎች እንደገና ሰካቸው። ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና መርገጫውን ወስዶ ከማጉያው ሳጥን ጋር አገናኘው። ሲረግጠው ድምፁ ይወጣል፣ እግሩን ሲያላላ ይሰበራል፣ ልክ የሰው ጉሮሮ። እኔ በሳጥኑ ውስጥ አንዲት ሴት የምታለቅስ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጆሮዬን ለጥፌ ሳዳምጥ አገኘኝና «አገኘሻት?» አለኝ። በአሉታ ራሴን ነቀነቅሁ። «እኔም ስፈልጋት ነው የኖርኩት» አለ።

ከዚህ በላይ አያወራም። ሰርግ ላይ ሲጫወትም ለሰዉ ጀርባውን ይሰጣል። «ኧረ ሲሳይ፣ ዞር በልና እንይህ» ሲሉት፣ ቀና ሳይል «ባትሪውን እያየሁ ነው» ይላል። እኔ አመንኩት። ባትሪ ማለት እሳት ላይ እንደተጣደ ወተት ነው፣ ዓይን ከተነሣበት ይገነፍላል ብዬ ደመደምኩ። ብዙ ዓመት ቆይቶ ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ስማር፣ የመኪና ባትሪ ማንም ባያየው ቅር እንደማይለው ተረዳሁ። ጋሼ ሰው ፊት መቆም ይጨንቀው ነበር። ይህ የገባኝ በትምህርቱ አይደለም፤ እኔም እንደዚያው ስለሆንኩ ነው።

እንግዳ ሲመጣ ከእናቴ ነጠላ ጀርባ እደበቅ ነበር። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ «አቤት» ለማለት ድምፄ አይወጣም። በጋሼ የኋላ ክፍል ግን ተናገሪ የሚለኝ የለም። ሽቦ ሲጠመጥም ጫፉን ያስይዘኛል። «በዓይንሽ አይደለም» ይለኛል። «በጣትሽ ስሚው። ሲከር ይበጠሳል፣ ሲላላ ይተኛል።» ትንፋሼን ይዤ በጣቴ እሰማለሁ። ባለቤቱ እትዬ ብዙነሽ ቆሎ አስቀምጣልን ትወጣለች። ልጅ አልነበራቸውም።

እናቴ ወንድሟን ትወደዋለች። ሥራውን ሲጠይቋት ግን «ራዲዮ ጠጋኝ ነው» ትላለች። ቦኖ ውሃ ሰልፍ ላይ ሴቶቹ ያውቁባታል።

«የሲሳይ እህት፣ ትናንት ወንድምሽ ማን ደጅ ነው የዋለው?» ይሏታል።

«ሥራው ላይ።»

«ሥራው ደግሞ ያስጨፍራል አሉ።»

ይስቃሉ። እናቴ እንስራዋን ሳይሞላ ታነሣለች። አዝማሪ የሚለውን ቃል ማንም አልተናገረም፤ ግን መንገዱን ሙሉ አብሮን ይመጣል። እኔ እናቴ የተቆጣችው ውሃው ስላነሰ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ጋሼ ወልድያ ሆስፒታል ሰንብቶ መጣ፣ ብዙም አልቆየም። ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው ራሱን ጥሏል። ጠዋት የቅሬው ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው። ግቢው በአንድ አፍታ በሰው ሞላ። ወንዶቹ ድንኳን ተከሉ። ሴቶቹ ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓዳ እያሉ አንድ ነገር ይደጋግማሉ፦ «ያለ ወራሽ ሄደ። ምስኪን፣ ያለ ወራሽ።»

ወራሽ ምን እንደሆነ የማውቅ መሰለኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሲሞቱ ወራሾች መጡ ተባለ፤ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን በጋሪ ጭነው ሄዱ። ወራሽ ማለት ጋሪ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ጋሼ ወራሽ ከሌለው ጊታሩን የሚወስድ የለም ማለት ነው። ሴቶቹ ለምን እንደሚያዝኑበት አልገባኝም። እኔ እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ ብዙ አልቆየም። ከቤቱ ጀርባ፣ ከቁልቋሉ አጠገብ ጋሽ ረዲን አየሁት። ጋሽ ረዲ እህል ነጋዴ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ ወደ ፊት የሚያዘነብል። የጋሼ የልጅነት ጓደኛ ነበር። መብራት ባልነበረበት ጊዜ ባትሪውን በጋሪ እየገፋ ሰርግ ለሰርግ አብሮት የዞረው እሱ ነው። አሁን ጊታሩን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ክሮቹን አንድ በአንድ ያላላል። ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቷል። የተደበቀ መሰለኝ። ክሮቹ እየረገቡ ሲሄዱ አንገቱ ላይ እንደ ዝናብ የመታው ሣር ተኙ። ጋሼ ክር መላላት ምን ያህል እንደሚጠላ አውቃለሁ። ይህ ሰው ጊታሩን እያበላሸው ነው አልኩ፤ ለማን እንደምናገር ግን አላወቅሁም።

ጋሽ ረዲ ስለዚያ ጠዋት የነገረኝ ካደግሁ በኋላ ነው። «ጠመንጃ ለለቅሶ ሲወጣ ጥይቱ ይራገፋል» አለኝ። «ጊታር ሲራገፍ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ክሩን ማላላት ይሆናል ብዬ ነው። ደግሞ ሰው እያየኝ ማልቀስ አልፈለግሁም።»

ክሮቹን ጨርሶ ወደ ደጅ ሲወጣ ተከተልኩት። ከውሃው በርሜል ጀርባ ቆምኩ። በድንኳኑ አፍ የቅሬው ዳኛ አያ ንጉሴ ተቀምጠዋል። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ደግሞ ከሰውነታቸው ይበልጣል። በኛ ሰፈር የከበረ ሰው ሲሞት ጠመንጃው ተዘቅዝቆ ከሬሳው ጋር ይወጣል፤ የማን ጠመንጃ እንደሚወጣ የሚፈቅዱት እሳቸው ነበሩ። ይህንንም ያኔ አላውቅም። የሰማሁት ይህን ነው።

«ይሄን ወዴት ትወስደዋለህ?» አሉ አያ ንጉሴ።

«ከሲሳይ ጋር ይወጣል፣ አያ ንጉሴ። እኔ እይዘዋለሁ።»

«ጠመንጃ የሌለው ሰው እንዲሁ ይሸኛል። ከአባቶቻችን ያገኘነው ይሄንን ነው።»

«ሲሳይ እጁ ባዶ ነበር እንዴ?»

«ዘፈን ነው፣ ረዲ። ለቅሶ ቤት ዘፈን አይገባም።»

«አልመታውም። ዝም እንዳለ ነው የምይዘው።»

«ጠመንጃ አገር ይጠብቃል። ይሄ ምን ጠበቀ?»

ጋሽ ረዲ ጊታሩን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። «የአንቱ ምንሽር ድምፁ እስከ ግራና ይሰማል?» አለ።

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ምላስህን ነው እንጂ ሌላ ምን አለህ» አሉ አያ ንጉሴ።

«እንግዲያው ከሱ ጋር እንቅበረውና ይገላገል» አለ ጋሽ ረዲ።

በምሬት የተናገረው መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ሃሳቡን ከእሱ አፍ ሰማሁት፣ ማንም ደግሞ «አይሆንም» አላለም።

ጋሽ ረዲ ቀጠለ፤ አሁን ድምፁ ዝቅ አለ። «አያ ንጉሴ፣ የመስጊዱን ማጉያ ማን ነው የሚሠራው? የቤተ ክርስቲያኑንስ? ጠዋት አዛኑም ቅዳሴውም በዚህ ሰው እጅ አልፎ ነው ጆሯችን የሚደርሰው። አንቱ ‘ዘፈን’ ይሉታል። ይበሉ። እኔ ወላሂ ከሱ የተሻለ የታጠቀ ሰው መርሳ ላይ አላውቅም።»

የአያ ንጉሴ ዱላ በአፈሩ ላይ ጭረት ሠራ፣ አጠፋው፣ እንደገና ሠራ። በመጨረሻ፣

«ዘቅዝቀህ ያዘው» አሉ።

ጋሽ ረዲ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ። እኔ የሚሳም ነገር አልታየኝም። ለጊታሩ የተፈረደበት መሰለኝ፣ ፈራጁ ደግሞ ተስሞ ተመሰገነ።

ሬሳው ወጣ። ከፊት ጋሽ ረዲ ጊታሩን ዘቅዝቆ ይሄዳል። መርሳ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ሱቆች ደጃቸውን መለሱ። ወደ ወልድያ የሚወጣ አውቶቡስ ቆመ፤ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። አንዲት ሴት «ምንድነው የተዘቀዘቀው?» ስትል ሰማሁ፤ ሌላዋ «የሲሳይ ነዋ» አለቻት። የሲሳይ ነዋ። ያ መልስ ለምን እናቴን ቀና እንዳደረጋት አልገባኝም። ጠዋት ጎብጣ የወጣችው እናቴ፣ ነጠላዋ ከራሷ ወድቆ፣ ወንድሟን በስሙ እየጠራች በመንገዱ መሃል ትሄድ ጀመር።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ እስላሞቹ እንደ ልማዳቸው ከአጥሩ ውጭ ጥላ ፈልገው ተቀመጡ። ጋሽ ረዲም ከነጊታሩ ከዋርካው ሥር ቆመ። እናቴ ከሬሳው ጋር ገባች። እኔ እጇን ለቀቅሁና ጊታሩ አጠገብ ቀረሁ።

«አትገቢም?» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ጎሽ። ሁለታችን እንጠብቀው።»

በዚያ ቀን የተናገርኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው። «አትስጣቸው» አልኩት።

«ለማን?»

የጊታሩን ማንገቻ በእጄ ጠቅልዬ ያዝኩ። ጋሽ ረዲ ማንገቻውን አየ፣ እኔን አየ። ደወሉ ሲደወል፣ ከዚያም የካህናቱ ድምፅ ሲመጣ፣ አካፋ አፈር ሲነካ እሰማ ነበር። ማንገቻውን አጠበቅሁ። ሰዉ እጁን እያራገፈ ወጣ። ጊታሩን የጠየቀ የለም። ከመቃብር ተርፏል፤ ግን አሁንም ተዘቅዝቋል።

ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ረዲ ጊታሩን ከመሃለኛው ምሰሶ ላይ አንገቱን ወደ ታች አድርጎ ሰቀለው። ከሥሩ የጋሼን ካፖርትና ፎቶውን አስቀመጡ። ፎቶው ላይም ወደ ጎን ነው የሚያየው። ከወልድያ፣ ከሐራ፣ ከግራና ለቅሶ ደራሽ እየመጣ ይገባል። እያንዳንዱ ሰው ሲገባ መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ወደ ጊታሩ ያያል። ገበያ ላይ ዶሮ የሚገዛ ሰው እንደዚያ ነው የሚያየው። አንዳንዱ ደረቱን ይመታል፣ አንዳንዱ ቆሞ ይቀራል። የጋሽ ረዲ ባለቤት ከድጃ ሙሾ ታወርዳለች። እሷ ካለች ለቅሶ አይቀዘቅዝም ይላሉ። መጀመሪያ ድምፅዋን ዘለግ አድርጋ አዜመች፣ ከዚያ ግጥሙን ጣለችው፦

«አባራሪም አይደል ገዳይም አይደለ፣
በሽቦ በእንጨት ነው አገር ያማለለ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ቦኖ ውሃ ላይ ይስቁ የነበሩት ሴቶች ናቸው። ከሁሉ ጮክ ብላ የተቀበለችው ደግሞ «ሥራው ያስጨፍራል አሉ» ያለችው ነች። እናቴ አየቻት። ሴትዮዋ መጥታ እናቴን አቀፈቻትና አብረው አለቀሱ። የሁለቱን መጣላት እንጂ መታረቅ አይቼ ስለማላውቅ፣ ሴትዮዋ ለምን የኛን ሰው እንደምታለቅስ ገረመኝ።

ንፍሮው ዞረ። ሰዉ ዝቅ ባለ ድምፅ ማውራት ጀመረ። አያ ንጉሴ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ከአንድ ሽማግሌ ጋር ይነጋገራሉ። «ሲበቃ ማን ያወርደዋል?» ሲሉ ሰማሁ። ሽማግሌው ትከሻውን ነቀነቀ። «ወንድ ልጅ የለው፣ ወንድም የለው። እንግዲህ እንደተዘቀዘቀ ይቅር።»

እንደተዘቀዘቀ ይቅር።

ይህን ስሰማ ምን እንዳሰብኩ አሁንም አላውቅም። ማሰቤንም እጠራጠራለሁ። አንድ የመቀመጫ ዱካ አነሣሁ። ሰው ፊት «አቤት» ማለት የማልችል ልጅ፣ ያን ሁሉ ሰው ጉልበቱን እየረገጥኩ ወደ ምሰሶው ሄድኩ። ዱካውን አስጠግቼ ወጣሁበት። ማንገቻውን ከምስማሩ አላቀቅሁ። ጊታሩ ካሰብኩት በላይ ከበደኝ፤ ደረቴ ላይ ወደቀና አንዱ የላላ ክር እንጨቱን መታ። ድው አለ፣ እንደ ሆድ ድምፅ። በዚያ ቀን ከጊታሩ የወጣ ብቸኛ ድምፅ እሱ ነበር።

ሰዉ ሁሉ ወደ ምሰሶው ዞረ።

ጊታሩን ገለበጥኩት። አንገቱን ወደ ላይ፣ ሆዱን ወደ ታች አድርጌ ማንገቻውን መልሼ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ጋሼ ማታ ማታ ሲሰቅለው እንደሚያደርገው፣ እንዳይዞር በሁለት ጣቴ አረጋጋሁት። ከዚያ ነው ዞሬ ሰዉን ያየሁት።

«ህሊና» አለች እናቴ፣ በትንፋሿ።

አያ ንጉሴ ተነሡ። ዱላቸውን ተመርኩዘው መጡ። ዱካው ላይ ስለቆምኩ ፊታችን እኩል ነበር።

«ማን አዘዘሽ?» አሉኝ።

ማንገቻውን መልሼ ያዝኩ።

«ማንም አላዘዛት» አለ ጋሽ ረዲ ከኋላ። «ስትጠብቀው ነው የዋለችው።»

«ልጅ ናት፣ አያ ንጉሴ፣ ይቅር በሏት» አለች እናቴ።

ያን ጊዜ እትዬ ብዙነሽ ተናገረች። ከጠዋት ጀምሮ ለማንም ቃል ያልሰጠች ሴት፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ ራሷን ከነጠላዋ አውጥታ፣

«ተዉአት» አለች። «ሽቦው ሲጠመጠምም ጫፉን የያዘችው እሷ ናት።»

አያ ንጉሴ ጊታሩን ወደ ላይ አዩት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ፤ ያ ትልቅ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«አባቴ የሞተ ዕለት ምንሽሩ እንዲህ ተሰቅሎ ዋለ። ለቅሶው ሲበቃ ያቀናሁት እኔ ነኝ፣ የበኩር ልጅ ነኝና። የሌላ እጅ አልነካውም።» ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉት። «ሲሳይን ያለ ወራሽ ሄደ ስትሉ አረፈዳችሁ። ይኸው፣ ወራሹ መጣች።»

ዞሬ የድንኳኑን በር አየሁ። ጋሪ የያዘች ሴት ፈለግሁ። ማንም አልነበረም።

«ቸኮለች እንጂ» አለ ያ ሽማግሌ። «ለቅሶው ገና ነው።»

«ትቸኩል» አሉ አያ ንጉሴ። «አንተ ወንድ ሆነህ የአባትህን ጠመንጃ ለማቅናት ዘግይተህ ነበር።»

በለቅሶ ቤት እንደዚያ ሲሳቅ ያን ቀን መጀመሪያ ሰማሁ። እናቴ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ከዱካው አወረደችኝ፣ ፊቴን በነጠላዋ ሸፈነችው፤ በነጠላው ውስጥ ሆኜ የከድጃን ድምፅ ሰማሁ፦

«ወራሽ አጣ ብለን አንገት ስንደፋ፣
ከሴት ጓዳ ወጣች የሲሳይ ተስፋ።»

ስለ እኔ መሆኑን አላወቅሁም። የምታምር ሴት መጥታ ይሆናል ብዬ አንድ ዓይኔን አወጣሁ።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ቦኖ ውሃ ላይ አንዲት የማታውቀን ሴት እናቴን «ያ ጊታር የወጣለት ሰው ምንሽ ነው?» አለቻት። እናቴ እንስራዋን እስከ አፉ ሞላች። «ወንድሜ ነው» አለች። «ጊታሩን የሠራው ራሱ ነው። አምባሰል እንዲናገር አድርጎ ነው የሠራው።» ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ነው የተናገረችው።

ክሮቹን መልሶ መወጠር ያስተማረኝ ጋሽ ረዲ ነው፤ እሱ መጫወት ባይችልም፣ ባትሪ እየገፋ በሰማባቸው ዓመታት የትኛው ድምፅ ልክ እንደሆነ ጆሮው ይዞታል። «ገና ነው» ይለኛል፣ «ገና… ገና… አሁን ሲሳይ ሆነ።» ሌላውን እጄ ቀስ እያለ አገኘው። ባትሪ እንደ ወተት ይገነፍላል ብዬ ማሰቤንም ለጋሽ ረዲ የነገርኩት ያኔ ነው። ጦርነቱ በመርሳ ሲያልፍ ጊታሩን ከመጋዘኑ፣ ከማሽላ ከረጢቶቹ ሥር ደብቆ አተረፈልኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የሽቦውን ጥምጥም በመሣሪያ ለካሁት፤ ጋሼ ያለ ምንም መለኪያ፣ በጣቱ ብቻ እኩል አድርጎ የጠመጠመውን ሳይ ወንበሬ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። መምህሬ ማን እንደሠራው ጠየቀኝ። «አጎቴ» አልኩ። ድምፄ ወጥቶ ነበር። ጫፉን እኔ እንደያዝኩ ግን አልነገርኩትም።

ባለፈው ጥር የጋሽ ረዲ ልጅ ኢሕሳን ተዳረች። «አንቺ ካልመታሽ ሰርግ አይባልም» ብላ ለመነችኝ። ግቢው ሙሉ ነበር። እናቴ ከፊት ረድፍ ቦታ ይዛለች፤ እትዬ ብዙነሽም አጠገቧ። አያ ንጉሴ አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ስለደከመ ወንበራቸውን ከማጉያው ሳጥን አስጠግተው ተቀመጡ። መርገጫውን እግሬ ሥር አደረግሁ፣ ክሮቹን አረጋገጥሁ፣ አምባሰል ጀመርኩ። በሳጥኑ ውስጥ ያለችው ሴት አለቀሰች። እልልታ ተነሣ።

መጨረሻው ላይ አያ ንጉሴ በዱላቸው የወንበሬን እግር ነካ አደረጉት።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ጊታሩን ያን ቀን አቅንተሽዋል። አሁን ለምንድነው ጀርባሽን የምትሰጪን?»

ቀና አላልኩም።

«ባትሪውን እያየሁ ነው» አልኳቸው።

«የምን ባትሪ?» አሉ አያ ንጉሴ። ወደ ግድግዳው የሚሄደውን የመብራት ገመድ አዩ፣ ወደ ጋሽ ረዲ ዞሩ። «ባትሪ አለው እንዴ ይሄ?»

ጋሽ ረዲ የልጁን ሰርግ ትቶ፣ እንግዶቹን ትቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። እንባው እየወረደ ይስቃል።

«ተዉአት፣ አያ ንጉሴ» አለ በመጨረሻ። «ታየው። ካላየችው ይገነፍላል።»